የመጠጥ ፈቃድ ለማን ይሰጣል? በጂዛን ከሚገኙ ወገኖቻችን ሁኔታ በመነሣት የቀረበ የጥናት ጽሑፍ

«የመጠጥ ንግድ ፈቃድ» የሚል ርእስ በተማሪዎች ማኅበር መጽሔት ላይ ሲወጣ አንዳንድ አንባብያን ፈገግ ማለታቸው አይቀርም። የአገራችን ችግር ሞልቶ ተርፎ ሳለ ስለ ጠላና ስለ አረቄ መወያየት ምን ይፈይዳል? የሚል ጥያቄም ሊነሣ ይችላል። እኛም በጥናት ክበባችን ውስጥ ጉዳዩ ሲነሣ መጀመሪያ ያልነው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን በሳዑዲ ዓረቢያ ደቡባዊ ወሰን፣ በጂዛን ግዛት፣ በዳማድና በአካባቢው ስላሉት ወገኖቻችን የሚወጡትን ዜናዎች ስንከታተል አንድ ነገር እየደጋገመ አጋጠመን። ወገኖቻችን የሚታሰሩበት አንዱ ምክንያት ድንበር መሻገር ሲሆን ሌላው አረቄ ማውጣት ነው። በአገር ቤት ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ሙያ ቀይ ባሕርን ሲሻገር ወህኒ የሚያስወርድ ወንጀል ይሆናል። ይህ ለምን ሆነ? ክልከላውስ በሁሉም ላይ እኩል ነው ወይ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ጥያቄዎች መመርመር ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ፈቃድ ስንል ምን ማለታችን ነው?

መንግሥታት መጠጥን የሚቆጣጠሩባቸው መንገዶች በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ። አንደኛው ፈቃድ መስጠት ነው። ነጋዴው ይመዘገባል፣ ቤቱ ይመረመራል፣ በስንት ሰዓትና ለማን እንደሚሸጥ ይወሰንለታል፤ ደንቡን ከጣሰ ፈቃዱን ይነጠቃል። ሁለተኛው ቀረጥ ነው፤ መጠጡ እንዲወደድና የመንግሥት ገቢ እንዲጨምር ይደረጋል። ሦስተኛው መንግሥት ራሱ ብቸኛ ሻጭ መሆኑ ነው፤ በስዊድን ለምሳሌ ጠንከር ያለ መጠጥ ለቤት የሚሸጠው በአብዛኛው በመንግሥት መደብር ነው። አራተኛው ጨርሶ መከልከል ነው።

ለአራቱም የሚሰጠው ምክንያት የሕዝብ ጤናና ጸጥታ ነው። ምክንያቱ ሐሰት ነው አንልም። ስካር ቤት እንደሚያፈርስ፣ ደመወዝ እንደሚበላ፣ ሚስትና ልጅ እንደሚያስደበድብ ከእኛ መካከል የማያውቅ የለም። በእስልምና መጠጥ የተከለከለ መሆኑም የምእመናኑ የእምነት ጉዳይ ስለሆነ እዚህ የምንከራከርበት አይደለም፤ በጂዛን ካሉት ወገኖቻችን መካከልም ሙስሊሞቹ ብዙዎች ናቸው። እኛ የምንመረምረው የመንግሥትን አሠራር ነው። ስለዚህም ማንኛውንም የመጠጥ ሕግ ስናነብ ሦስት ጥያቄዎችን እንጠይቅ፦ ማን እንዲሸጥ ተፈቀደለት? ማን እንዲጠጣ ተፈቀደለት? ሕጉ ሲጣስስ ማን ይቀጣል? የሕጉ ጠባይ የሚታወቀው በመግቢያው ላይ ከተጻፈው መልካም ቃል ይልቅ ለነዚህ ጥያቄዎች በሚሰጠው መልስ ነው።

ለ. የሳዑዲ ዓረቢያ ክልከላ እንዴት መጣ?

በሳዑዲ ዓረቢያ መጠጥ ለሙስሊሙ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የተከለከለ ቢሆንም ሙስሊም ላልሆኑ የውጭ ሰዎች እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በሩ ጨርሶ አልተዘጋም ነበር። በኖቬምበር 1951 ከንጉሥ አብዱልአዚዝ ልጆች አንዱ የሆነው ልዑል ሚሻሪ በጅዳ ከተማ በአንድ ግብዣ ላይ ሰክሮ የእንግሊዝን ምክትል ቆንስል ሲሪል ኡስማንን በጥይት ገደለ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1952፣ ንጉሡ መጠጥ ወደ አገሩ እንዳይገባ ለውጭ ሰዎችም ጭምር ከለከሉ። እንግዲህ ሙሉው ክልከላ የመጣው በቤተ መንግሥት ሰው እጅ ከተፈጸመ ግድያ በኋላ መሆኑን ልብ እንበል። ከዚያ ወዲህ በከልካዩ ሕግ ብዙ ጊዜ ሲቀጣ የኖረው ግን የቤተ መንግሥት ሰው አይደለም።

ከ70 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ2024 መጀመሪያ ላይ፣ በሪያድ የዲፕሎማቶች ሰፈር ውስጥ ሙስሊም ላልሆኑ ዲፕሎማቶች ብቻ የሚሸጥ የመጠጥ መደብር ተከፈተ። ደንበኛው በስልክ ይመዘገባል፤ በወር 240 ነጥብ ይመደብለታል። ከዚህም ላይ አንድ ሊትር ጠንካራ መጠጥ 6 ነጥብ፣ አንድ ሊትር ወይን 3 ነጥብ፣ አንድ ሊትር ቢራ 1 ነጥብ ይቆረጥበታል። በ2025 መጨረሻ ደግሞ መደብሩ «ልዩ የመኖሪያ ፈቃድ» ላላቸው ሙስሊም ያልሆኑ ነዋሪዎችም መሸጥ እንደጀመረ የዜና አውታሮች ዘገቡ። ይህ ልዩ ፈቃድ በ2019 ሲጀመር ዋጋው ለአንድ ዓመት 100,000 ሪያል፣ ለዘለቄታው 800,000 ሪያል ነበር።

ሦስቱን ጥያቄዎች እዚህ ላይ እናንሣ። የሚሸጠው መንግሥት የፈቀደው መደብር ነው። የሚጠጣው ዲፕሎማት ነው፤ ከዚያም ቀጥሎ የመኖሪያ ወረቀቱን በብዙ ሺህ ሪያል መግዛት የሚችል ሰው ነው። ያው መጠጥ በአንዱ እጅ ሲገኝ በነጥብ የሚቆጠር ሸቀጥ፣ በሌላው እጅ ሲገኝ ወንጀል ነው። ልዩነቱን ያመጣው በሰውየው ኪስ ያለው ወረቀት ነው።

ሐ. ዳማድና የጂዛን ወሰን

ጂዛን በሳዑዲ ዓረቢያ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በቀይ ባሕርና በየመን ወሰን መካከል ያለ ግዛት ነው። ዳማድ ከጂዛን ከተማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ገባ ብሎ፣ በስሙ በሚጠራው ሸለቆ አጠገብ ይገኛል። አገሩ ቆላ ነው፤ ከጎርፍ በሚገኝ ውሃ ማሽላ ይበቅልበታል። ከወሎ ወይም ከራያ ቆላ የሄደ ሰው መሬቱንና ማሳውን ሲያይ አገሩ የገባ ይመስለዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ተራራው ይጀምራል፤ ከተራራው ባሻገር የየመን ሰዓዳ ነው።

ወገኖቻችን የሚመጡትም በዚሁ በኩል ነው። ከጅቡቲው ኦቦክ ወይም ከሶማሊያው ቦሳሶ በጀልባ ተሻግረው፣ የመንን በእግርና በጭነት መኪና አቋርጠው፣ በሰዓዳ በኩል ወደ ጂዛን ለመግባት ይሞክራሉ። በዚህ ወሰን ላይ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2023 ባወጣው ዘገባ፣ ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 ባለው ጊዜ ውስጥ የሳዑዲ ወሰን ጠባቂዎች በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን እንደገደሉ ገልጿል፤ የሳዑዲ መንግሥት አስተባብሏል። ከዚያ አልፎ የገባው ሰው ኢቃማ የለውም፤ ከፊል የለውም፤ ስለዚህ በሕግ ፊት እንደሌለ ይቆጠራል። ፍየል ቢጠብቅ፣ እርሻ ቢያርስ፣ ድንጋይ ቢሸከም ደመወዙ የሚከፈለው ቀጣሪው ከፈለገ ብቻ ነው። ቢከለከል ለማን አቤት ይላል? አቤት ለማለት ሹርጣ ዘንድ መሄድ ራስን ማሳሰር ነው።

የአረቄው ንግድ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ፈቃድ፣ ሱቅ፣ የንግድ ምዝገባ የማይጠይቅ፣ ጥቂት ዕቃና ከቤት የመጣ ሙያ ብቻ የሚበቃው ሥራ ይህ ነው። በአገር ቤት በጌሾና በብቅል የሚጠነሰሰው እዚያ በቴምር፣ በስኳርና በእርሾ ይተካል፤ ጋኑ በፕላስቲክ በርሜል ይለወጣል። የሳዑዲ ጋዜጦች በጂዛን ሸለቆዎች ውስጥ የአረቄ ማውጫ ተገኘ፣ ድፍድፍ ያለባቸው በርሜሎች ተደፉ፣ እነ እገሌ ተያዙ የሚል ዜና ከነፎቶግራፉ ያወጣሉ። ከተያዙት መካከል ኢትዮጵያውያን በብዛት ይገኙባቸዋል። በፎቶግራፉ ላይ በርሜሉና እስረኛው ይታያሉ። ገዢው ግን አይታይም። ገዢ ሳይኖር ሻጭ ሊኖር እንደማይችል ደግሞ የታወቀ ነው።

ክልከላው የመጠጥን ንግድ አላጠፋውም፤ አደጋውን ብቻ ከአንዱ ትከሻ አውርዶ በሌላው ላይ አስቀመጠው። ዋጋው የሚወደደው አደጋ ስላለበት ነው። ትርፉን የሚካፈሉት ብዙዎች ሲሆኑ አደጋውን የሚሸከመው በመጨረሻው ረድፍ ላይ ያለው፣ ወረቀት የሌለው ሰው ነው። ሲያዝ ይታሰራል፣ ይቀጣል፣ ከአገር ይባረራል። በዳኞች ፈቃድ ይሰጥ የነበረው ግርፋት በገንዘብ ወይም በእስራት እንዲተካ የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው ገና በ2020 ነው።

ለማነጻጸር ያህል አንድ ጉዳይ እንጥቀስ። በ2014 በጅዳ በዕድሜ የገፋ አንድ እንግሊዛዊ በመኪናው ውስጥ በቤት የተጠመቀ ወይን ተገኝቶበት ታሰረ። 350 ግርፋት ይጠብቀዋል ብለው ቤተሰቦቹ ጮኹ። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ደብዳቤ ጻፉ፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ወደ ሪያድ ሄዱ፤ ሰውየውም በ2015 መጨረሻ ገደማ ተፈትቶ ወደ አገሩ ገባ። መፈታቱ ደስ ያሰኛል። እኛ የምንለው ሌላ ነው፦ በዚያው ጥፋት በጂዛን ወህኒ ለተቀመጠው ወገናችን ደብዳቤ የሚጽፍለት ማን ነው?

መ. መርዙ

ክልከላ የሚያስከትለው ሌላው አደጋ መርዝ ነው። ፈቃድ ያለው ቤት ቢያንስ ይመረመራል፤ በስውር የሚሸጠውን ግን የሚመረምረው የለም። እጥረት ሲኖር ወይም ትርፍ ሲፈለግ ሻጩ ለፋብሪካ ሥራ የሚውለውን ሜታኖል የሚባለውን አልኮል ይቀላቅላል። ሜታኖል በሽታም በጣዕምም ከሚጠጣው አልኮል በቀላሉ አይለይም። በሰውነት ውስጥ ግን ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለወጥና የዓይንን ነርቭ ያጠፋል፣ ደምን ይመርዛል፣ ይገድላል። ምልክቱ ወዲያው ስለማይታይ ጠጪው ተራ ስካር ይመስለዋል። ከብዙ ሰዓት በኋላ ሆድ ሲያመው፣ ዓይኑ ሲጨልምበት፣ ትንፋሽ ሲያጥረው ነው የሚያውቀው። በጊዜ ሐኪም ቤት ከደረሰ የሚያድን መድኃኒት አለ።

በኦገስት 2025 መጠጥ በተከለከለባት በኩዌት 160 ሰዎች በሜታኖል ተመርዘው 23ቱ መሞታቸውን የአገሩ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር አስታውቋል። አብዛኞቹ ከእስያ የሄዱ ሠራተኞች ነበሩ። በጂዛን ሸለቆ ውስጥ ያለ ወረቀት የሌለው ወገናችን ይህ ቢደርስበት ሐኪም ቤት ለመሄድ ይደፍራል ወይ? ሕጉ ሰውን ከመጠጥ ለመጠበቅ ወጥቶ ሳለ የተመረዘውን ሰው ከሐኪም ያርቀዋል።

ሠ. ከሌሎች አገሮች ታሪክ

ይህ በሳዑዲ ዓረቢያ ብቻ የታየ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ ማምረትና መሸጥ ተከልክሎ ነበር። ሕጉ ግን ከክልከላው በፊት ገዝቶ በቤቱ ያከማቸውን ሰው እንዳይጠጣ አይከለክልም ነበር። ጓዳውን በወይን ለመሙላት ገንዘብ የነበረው ሰው ያለ ፍርሃት ጠጣ፤ ድሀው የተቀላቀለውን ጠጥቶ ታወረ፣ ሞተም።

ይበልጥ የሚያስተምረን የደቡብ አፍሪካ ታሪክ ነው። በደርባን ከተማ የአፍሪካውያንን ቢራ የመጥመቅና የመሸጥ መብት ከ1909 ጀምሮ የማዘጋጃ ቤቱ ብቻ ሆነ። በቤታቸው ጠምቀው ይኖሩ የነበሩ ሴቶች በአንድ ቀን ወንጀለኞች ሆኑ፤ ባሎቻቸው ደመወዛቸውን በከተማው ቢራ ቤት አፈሰሱት። ከዚያ የሚገኘው ትርፍ ጥቁሮቹን ለሚገዛው አስተዳደር ወጪ ዋለ። ሕዝቡ በገዛ መጠጡ የገዛ ቀንበሩን ዋጋ ከፈለ ማለት ነው። በጁን 1959 በካቶ ማኖር ሠፈር ሴቶቹ ተነሥተው ቢራ ቤቶቹን ያጠቁት በዚህ ምክንያት ነው። በ1976 በሶዌቶ የተነሡት ተማሪዎችም ካቃጠሏቸው ቤቶች መካከል የመንግሥት መጠጥ ቤቶች ነበሩባቸው። እነዚያ ሴቶች የተዋጉት ለስካር አልነበረም፤ ለእንጀራቸው ነበር።

ረ. በአገራችንስ?

ሌላውን ስንመረምር የራሳችንን መተው አይገባም። በየመንደሩ በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍታ ጠላ የምትሸጠው እናት፣ በአርሲ ነገሌ በጢስ ታፍና አረቄ የምታወጣው ሴት፣ አብዛኛውን ጊዜ ባሏን በሞት ወይም በፍች ያጣች፣ ከእጇ ሙያ በቀር ካፒታል የሌላት ናት። ለመጠጥ ቤት የሚጠየቀውን የቤት ስፋት፣ ምርመራና ክፍያ ልታሟላ አትችልም። ስለዚህ ሥራዋ እንደ ሥራ አይቆጠርላትም፤ ወይ ዓይቶ ማለፍ ነው፣ ወይ ማባረር።

በሌላ በኩል የቢራውን ታሪክ እንይ። በ1922 የተቋቋመው ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በ1975 ከሌሎች ፋብሪካዎች ጋር የመንግሥት ሆነ፤ በ1998 ደግሞ የፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን ለሆነው ለቢ ጂ አይ ተሸጠ። በ2011 ሐረርና በደሌ ለሆላንዱ ሃይነከን፣ በ2012 ሜታ ለእንግሊዙ ዲያጆ ተሸጡ፤ ሜታም በ2022 ወደ ቢ ጂ አይ ዞረ። ከዚህ ሽያጭ በኋላ በቴሌቪዥኑና በራዲዮው የቢራ ማስታወቂያ ያልሰማንበት ሰዓት አልነበረም። በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የመጠጥ ማስታወቂያን ከራዲዮና ከቴሌቪዥን አስወገደ፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው እንዳይሸጥም ከለከለ። ይህ መልካም እርምጃ ነው፤ ጤናን የሚጠብቅ ሕግ ትልቁንም ሻጭ ሊነካ እንደሚችል ያሳያል። የቀረው ትንሿን ሻጭ ከነሙያዋ ወደ ሕግ የሚያስገባ በር መክፈት ነው፦ በአቅሟ የምትከፍለው ፈቃድ፣ ንጽሕናን የሚያስተምር ሰው፣ ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ።

ሰ. ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች

አንዳንድ ወገኖች «የሰው አገር ሕግ ጥሰዋል፤ ይቀጡ» ይላሉ። ሕግ መከበር እንዳለበት እናምናለን። ነገር ግን የጣሰው ሁሉ እኩል የማይጠየቅበት ሕግ ሲያጋጥም ስለ ጣሰው ብቻ መናገር ግማሹን እውነት መናገር ነው። ሠርቶ በሕግ የሚኖርበት መንገድ ተዘግቶበት የቀረችለትን አንዲት ቀዳዳ የተጠቀመውን ሰው ከመውቀስ በፊት በሩን ማን እንደዘጋው መጠየቅ ይገባል።

ሌሎች ደግሞ «መጠጥ ይፈቀድ፣ ችግሩ ሁሉ ይወገዳል» ይላሉ። ይህም ስሕተት ነው። ነገ በሳዑዲ ዓረቢያ መጠጥ ቢፈቀድ ፈቃዱን የሚያገኘው ትልቁ ሆቴል እንጂ የጂዛኑ ስደተኛ አይሆንም። የሪያዱ መደብር መከፈት በዳማድ ላለው ወገናችን ምን ለወጠለት? ምንም። የችግሩ ሥር ከበርሜሉ ይልቅ ኢቃማ ማጣቱ ነው። አረቄ የማያወጣውም፣ ፍየል የሚጠብቀውም እኮ ይታሰራል። ከኖቬምበር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲባረሩ የተጠየቁት ወረቀታቸውን እንጂ የጠጡትን አልነበረም።

ሸ. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ የተያዘ የውጭ ሰው ለአገሩ ቆንስል እንዲነገርለት መጠየቅ እንደሚችል የ1963ቱ የቪየና ስምምነት በአንቀጽ 36 ደንግጓል። ይህን የሚያውቀው ስደተኛ ጥቂት ነው። ለሚሄዱትና ለቤተሰቦቻቸው እናስታውቅ። የኢትዮጵያ ቆንስላ ያለው በጅዳ፣ ኤምባሲው በሪያድ ነው፤ ከጂዛን እስከ ጅዳ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እስረኛው ሄዶ ሊያገኛቸው ስለማይችል እነርሱ ወደ እስረኛው እንዲሄዱ መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው።

ሁለተኛ፣ ዐረብኛ የምናውቅ አባሎች አለን። አንድ ሰው ባልገባው ቋንቋ በተጻፈ ወረቀት ላይ ጣቱን አትሞ ሲፈርድበት ዝም ማለት አይገባንም፤ የአስተርጓሚ ጉዳይ በየደብዳቤያችን ይነሣ። ሦስተኛ፣ የሜታኖልን ምልክቶች በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ጽፈን በስልክ እናሰራጭ፤ ዓይኑ የጨለመበት ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መወሰድ እንዳለበት ይታወቅ። አራተኛ፣ ከአገር ቤት ለሚጠይቁን ታናናሾቻችን ስለ ጂዛን መንገድ እውነቱን እንንገራቸው።

ለጥናት ክበቦች መወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

1. በምትኖሩበት አገር የመጠጥ ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው? ክፍያው ስንት ነው? ስደተኛ ሊያገኘው ይችላል ወይ?

2. የጤና ቁጥጥርና የገቢ ቁጥጥር በምን ይለያያሉ? ምሳሌ ስጡ።

3. የደርባን ሴቶችንና የአገራችንን ጠላ ሻጮች ሁኔታ የሚያመሳስለውና የሚለየው ምንድን ነው?

4. አንድ ወገናችን በጂዛን አረቄ ሲያወጣ ተይዟል እንበል። «ጥፋተኛ ነው» ከሚለው ፍርድ በፊት መጠየቅ ያለባቸውን አምስት ጥያቄዎች ዘርዝሩ።

ለአራተኛው ጥያቄ የምትደርሱበትን መልስ ጽፋችሁ ላኩልን። በሚቀጥለው ስብሰባ አንብበን ለቆንስላው በምናዘጋጀው ደብዳቤ ውስጥ እናስገባዋለን።